የሰርቨርን መስመር ስለ መመጠን
ከድርሻ በላይ የሚጠየቀውን ክፍያ አስቀድሞ ለመከላከል ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ነጋዴን የሚጎዳው መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ትልቅ ወጪ ሳይሆን፤ ልኩ ሳይታወቅ ቆይቶ በወሩ መጨረሻ በድንገት የሚደርስ ወጪ ነው። የሱቅ ኪራይ፤ የሠራተኛ ደመወዝ፤ የጥበቃ አበልና የመንግሥት ግብር አስቀድመው በመዝገብ ይጻፋሉና፤ ነጋዴው እነርሱን አስቦ የዕቃውን ዋጋ ይቆርጣል። ልኩ ያልታወቀው ወጪ ግን ዕቃው ከተሸጠና ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነ፤ የሚከፈለው ከትርፉ ላይ ነው፤ ትርፉ ካልበቃም ከዋናው ገንዘብ ይነሣል።

በዚህ ትምህርት የሚገለጸው ወጪ እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ይኸውም ሰርቨር ተከራይቶ የሚሠራ ነጋዴ በውሉ ከተሰጠው የዳታ ድርሻ አልፎ በተጠቀመ ጊዜ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ነው። ይህን ክፍያ ለማስቀረት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ መንገዱም የሚፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ስሌትና የማያቋርጥ ጥንቃቄ ነው።

ሰርቨር ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ የሚሠራ፤ መዝገብን በውስጡ ይዞ ለሚጠይቁት ሁሉ የሚያቀብል ኮምፒዩተር ነው። በደሴ ሱቅ፤ በኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ነጋዴ የዕቃውን ዝርዝር፤ የዱቤ መዝገቡንና የደንበኞቹን ትእዛዝ በአንድ ሰርቨር ላይ ቢያኖር፤ በሱቁ ያለው ሻጭ በመጋዘኑ ስንት ጥቅል ጨርቅ እንደ ቀረ ወዲያውኑ ያያል፤ የባቲ፤ የከሚሴ፤ የሐይቅና የወልዲያ ቸርቻሪም የዕቃውን ፎቶግራፍ በእጅ ስልኩ ተመልክቶ ያዝዛል። ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚራራቁ፤ ደሴ በደጋ፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ በወይና ደጋ የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ መልእክተኛ የሐረጎን ዳገት ወጥቶና ወርዶ የሚያመጣውን ወሬ ሰርቨሩ በቅጽበት ያደርሰዋል።

የሰርቨር ጥቅም በክፉ ቀንም የሚታይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ማለቂያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደርሶ፤ ሁለቱ ከተሞች እስከ ኅዳር ማለቂያ ግድም ከመንግሥት እጅ ወጥተው ነበር። በዚያ ወራት የንግድ ቤቶች ሲዘረፉ፤ መዝገቡን በሱቁ ሣጥን ውስጥ ብቻ ያኖረ ሰው ዕቃውንና መዝገቡን በአንድነት ለአደጋ አጋልጦ ነበር። የተዘረፈ ዕቃ በጊዜ ብዛት ሊተካ ይችላል፤ ማን ስንት እንዳለበት የሚናገር ወረቀት ከጠፋ ግን ዱቤው የሚሰበሰበው በተበዳሪው ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ የመዝገብን ግልባጭ ከከተማው ውጭ በሆነ ሰርቨር ላይ ማኖር የአስተዋይ ነጋዴ ሥራ ነው።

ነገር ግን ይኸው መዝገብ ያለበት ሰርቨር የክፍያው ዕዳ በዝቶ አከራዩ የሚዘጋው ከሆነ፤ ነጋዴው ከአንዱ አደጋ ሸሽቶ ወደ ሌላው ገባ ማለት ነው። ከድርሻ በላይ የሚጠየቀው ክፍያ እንደ ቀላል ነገር የማይታይበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለ ድርሻና ስለ ስፋት

አብዛኞቹ የሰርቨር አከራዮች በውላቸው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ልኮችን ይጠቅሳሉ። አንደኛው ድርሻ ነው፤ ይኸውም በአንድ ወር ውስጥ ከሰርቨሩ እንዲወጣ የተፈቀደው የዳታ ብዛት ሲሆን፤ የሚቈጠረው በጊጋባይት ነው። ሁለተኛው የመስመሩ ስፋት፤ ማለት ባንድዊድዝ የሚባለው ነው፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመስመሩ ሊያልፍ የሚችለው ዳታ ሲሆን፤ የሚቈጠረው በሜጋቢት ነው። ድርሻው እንደ በርሜል ነው፤ ስፋቱ ደግሞ በበርሜሉ ሥር እንደ ተገጠመ ቧንቧ ነው። በርሜሉ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፤ ቧንቧው ሰፊ ሆኖ ተከፍቶ ካደረ ጧት ባዶውን ይገኛል።

ሁለቱን ልኮች ለማገናኘት ስሌቱ ከባድ አይደለም። 8 ቢት አንድ ባይት ስለ ሆነ፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያለ ማቋረጥ የሚያሳልፍ መስመር በአንድ ቀን 10.8 ጊጋባይት፤ በ30 ቀን ደግሞ 324 ጊጋባይት ያወጣል። ይህን አንድ ቍጥር በቃሉ የያዘ ነጋዴ የቀረውን ሁሉ በማባዛትና በማካፈል ሊያገኘው ይችላል።

ለምሳሌ በወር 1,000 ጊጋባይት ድርሻ ያለው ሰርቨር በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ተቀምጧል እንበል። ይህ መስመር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ቢሠራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት፤ በአንድ ቀን 1,080 ጊጋባይት ያወጣል። እንግዲህ የአንድ ወር ድርሻ 24 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል ማለት ነው። መስመሩን እንዲህ አድርጎ የሚሞላው ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ድረ ገጾችን እየዞሩ የሚገለብጡ መሣሪያዎች፤ ተንኰለኛ ሰው ያሰማራቸው ኮምፒዩተሮች፤ ወይም ተሳስቶ አንድን ፋይል ደጋግሞ የሚጠይቅ የገዛ ሠራተኛ ስልክ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን በማንም ስም ሳይሆን በነጋዴው ስም ይመጣል።

ስለ ክፍያው መጠን

ከድርሻ በላይ የሚጠየቀው ዋጋ ከአከራይ አከራይ በጣም ይለያያል። አማዞን በአውሮፓና በአሜሪካ ካሉት ጣቢያዎቹ በብዙዎቹ ለሚወጣው ዳታ በወር የመጀመሪያውን 100 ጊጋባይት በነጻ ሰጥቶ፤ ከዚያ በላይ እስከ 10 ቴራባይት ድረስ ላለው በጊጋባይት 0.09 ዶላር የሚያስከፍልበት ታሪፍ አለው። ዲጂታል ኦሽን የተባለው አከራይ ደግሞ ከድርሻ በላይ ለሆነው በጊጋባይት 0.01 ዶላር የሚያስከፍልበት ታሪፍ አለው። በዚህ መሠረት ከላይ የተጠቀሰው የአንድ ቀን ፍሰት፤ ማለት 1,080 ጊጋባይት፤ በአንደኛው ዋጋ 97.20 ዶላር፤ በሁለተኛው 10.80 ዶላር ይሆናል። ታሪፍ በየጊዜው የሚለወጥ ነገር ስለ ሆነ፤ ነጋዴው የሌላውን ሰው ወሬ ሳይሆን የገዛ ውሉን ማንበብ አለበት።

ዕዳው በዶላር መሆኑ ነገሩን ይልቁን ያከብደዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፤ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አንድ ቀን የፈሰሰው የ97.20 ዶላር ዕዳ በፊተኛው ምንዛሪ 5,540 ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር በሆነ ጊዜ ግን 9,720 ብር ይሆናል። የሰርቨሩ አሠራር ሳይለወጥ፤ የደንበኛው ቍጥርም ሳይጨምር፤ ያው ጥፋት በብር ሲመነዘር እጥፍ ለመሆን ተቃረበ ማለት ነው።

በአገር ውስጥም ኢትዮ ቴሌኮም በብር የሚከፈልበት የደመና አገልግሎት ስለሚሰጥ፤ የምንዛሪው ሐሳብ የከበደው ነጋዴ ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ ይችላል። ሆኖም የትም ቢከራይ ድርሻውንና ስፋቱን አለማወቅ ይጎዳዋል።

መጀመሪያ መለካት

ሳይለኩ መገደብ ሳይመዝኑ እንደ መሸጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በየቀኑ ከሰርቨሩ ስንት ጊጋባይት እንደሚወጣ ማወቅ ነው። አከራዩ በሚሰጠው የሒሳብ ገጽ ላይ ቍጥሩ ይታያል። ከዚህም ሌላ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ቪኤንስታት የተባለው መሣሪያ የየሰዓቱን፤ የየቀኑንና የየወሩን ገቢና ወጪ ዳታ ለይቶ ይመዘግባል። ይህ መሣሪያ የሚቈጥረው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ፤ በወሩ አጋማሽ የተተከለ እንደ ሆነ የፊተኛውን አጋማሽ አያውቅም። የሁለቱ ቍጥር ጥቂት ቢለያይ ክፍያ የሚጠየቀው በአከራዩ ቍጥር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ገቢውንና ወጪውን ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አከራዮች የሚያስከፍሉት ከሰርቨሩ ለሚወጣው እንጂ ወደ ሰርቨሩ ለሚገባው አይደለም፤ ሁለቱንም ደምረው የሚቈጥሩ ግን አይጠፉም። ይህም በውሉ ውስጥ መነበብ ያለበት ነገር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የወር አቈጣጠር ነው። የውጭ አገር አከራዮች ወሩን የሚቈጥሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፤ ብዙዎቹ ቀኑን የሚለውጡት በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መዝገቡን በመስከረምና በጥቅምት የሚዘጋ ጸሐፊ፤ የሰርቨሩ ድርሻ የሚታደሰው በሌላ ቀን መሆኑን በመዝገቡ ራስጌ ላይ ቢጽፍ ከስሕተት ይድናል።

አስቀድሞ ሸክሙን ማቅለል

ቧንቧውን ከማጥበብ በፊት በከንቱ የሚፈሰውን ማቆም ይገባል። ቴሌግራም ዋና የንግድ መልእክት በነበረበት ዘመን ክፍያው በቃላት ቍጥር ነበርና፤ ጸሐፊዎች ሰላምታውንና ትርፍ ቃሉን ትተው ዋናውን ጕዳይ ብቻ መጻፍ ተምረው ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ለሰርቨር ይሠራል፤ ልዩነቱ የዛሬው ትርፍ ቃል ፎቶግራፍ መሆኑ ነው።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ የዕቃውን ፎቶግራፍ በስልክ አንሥቶ እንዳለ በሰርቨሩ ላይ አኖረው እንበል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን፤ አንድ ደንበኛ 40 ፎቶግራፍ ሲመለከት 120 ሜጋባይት ይወጣል። በቀን 300 ደንበኞች ቢመለከቱ 36 ጊጋባይት፤ በ30 ቀን 1,080 ጊጋባይት ይሆናል፤ ስለዚህ ማንም ሳይተነኵለው፤ በደንበኞቹ ብቻ ከ1,000 ጊጋባይት ድርሻው በ80 ያልፋል። እነዚያው ፎቶግራፎች ለስልክ ገጽ በሚበቃ ልክ ተቀንሰው እያንዳንዳቸው 150 ኪሎባይት ቢሆኑ ግን፤ የአንዱ ደንበኛ 6 ሜጋባይት፤ የቀኑ 1.8 ጊጋባይት፤ የወሩ 54 ጊጋባይት ብቻ ነው። የደንበኛው ቍጥር አልቀነሰም፤ የጨርቁም ቀለም አልጠፋም፤ ወጪው ግን ከ20 እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዷል።

ይህ ቍጠባ ለደንበኛውም ይተርፋል። የባቲው ቸርቻሪ በእጅ ስልኩ የሚያየው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከገዛው የዳታ ጥቅል ላይ የሚቀነስ ነው። 120 ሜጋባይት የሚበላበት ሱቅና 6 ሜጋባይት የሚበላበት ሱቅ እኩል ዋጋ ቢያቀርቡለት፤ የትኛውን ደጋግሞ እንደሚከፍት መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ከንቱ ፍሰት የመዝገብ ግልባጭ ነው። በየሌሊቱ 4 ጊጋባይት የሚመዝነው መዝገብ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምቦልቻው መጋዘን ኮምፒዩተር የሚገለበጥ ከሆነ፤ በ30 ቀን 120 ጊጋባይት ይወጣል። አርሲንክ የተባለው መሣሪያ ግን ሁለቱን ግልባጮች አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ የአንድ ቀን ለውጥ 50 ሜጋባይት ቢሆን የወሩ 1.5 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል። እንዲሁም ጽሑፍን አጭቆ መላክ፤ ደንበኛው አንድ ጊዜ ያየውን ፎቶግራፍ ስልኩ እንዲያስቀምጠው ማዘዝ፤ ድረ ገጽ እየዞሩ የሚገለብጡ መሣሪያዎችን መከልከል ሸክሙን የሚያቀሉ ሥራዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ መገደብ

ሸክሙ ከቀለለ በኋላ የመስመሩ ስፋት ይገደባል። ይህም በሦስት በሮች የሚፈጸም ነው።

የመጀመሪያው በር የመላው ሰርቨር ገደብ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ቲ.ሲ. የሚባለው ትእዛዝ ከሰርቨሩ የሚወጣው ዳታ በሰከንድ ከተወሰነው ሜጋቢት እንዳያልፍ ያደርጋል። አሠራሩ እንደ ኩፖን ነው፤ ኩፖኑ በየሰከንዱ በተወሰነ ቍጥር በቋት ውስጥ ይጨመራል፤ የሚወጣውም ዳታ ሁሉ ኩፖን ይዞ ይወጣል፤ ኩፖኑ ያለቀ እንደ ሆነ ዳታው ተራውን ይጠብቃል። ጸጥ ባለ ሰዓት የተጠራቀመ ኩፖን ካለ፤ ለአጭር ጊዜ ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህ ገደብ የሚሠራው በሚወጣው ላይ ነው፤ የሚገባው ዳታ ሰርቨሩ በር ከደረሰ በኋላ ቢመለስም በመስመሩ ማለፉ አልቀረም።

ስንት ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ በስሌት ይገኛል። በወር 1,000 ጊጋባይት ድርሻ ያለው ሰው በሰከንድ 3 ሜጋቢት ቢገድብ፤ በ30 ቀን 972 ጊጋባይት ስለሚወጣ ከድርሻው አያልፍም። ነገር ግን 31 ቀን ባለው ወር ያው 3 ሜጋቢት 1,004.4 ጊጋባይት ያወጣል፤ ስለዚህ ድርሻውን በ4.4 ያልፋል። በ2.9 ሜጋቢት ቢገደብ ግን በ31 ቀን 971 ጊጋባይት ያህል ብቻ ስለሚሆን፤ ሰርቨሩ ሌሊትና ቀን ቢጨናነቅ እንኳ ዕዳ አይመጣም።

ሁለተኛው በር የእያንዳንዱ ጠያቂ ገደብ ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም፤ ለአንድ ግንኙነት የሚሰጠውን ፍጥነት ይወስናል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎባይቶች በሙሉ ፍጥነት እንዲሄዱ ፈቅዶ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ማዘግየትም ይችላል። እንዲህ ሲሆን ትንሿን ገጽ የሚያነብ ደንበኛ ምንም አይሰማውም፤ ትልቁን ፋይል የሚጐትተው ብቻ ይታገሣል። ገደቡ በግንኙነት የሚቈጠር ስለ ሆነ፤ አንድ ሰው ብዙ ግንኙነት ከፍቶ እንዳያልፈው የግንኙነቱም ቍጥር አብሮ መወሰን አለበት።

ሦስተኛውና ዋነኛው በር ቅድሚያ ነው። መስመሩን በ2.9 ሜጋቢት ገድቦ ዝም ያለ ነጋዴ ከዕዳ ይድናል፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ደንበኞች ሲበዙ ፎቶግራፉ መስመሩን ሞልቶ ትእዛዙን ከደጅ ሊያቆመው ይችላል። እንዲህ ያለው ገደብ ወንበዴን ፈርቶ ሱቅን እንደ መዝጋት ነው። ለንግዱ ገንዘብ የሚያመጣው ነገር በክብደት ከሁሉ ያነሰ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። አንድ የትእዛዝ ጽሑፍ 5 ኪሎባይት ቢሆን፤ 1,000 ትእዛዝ ተደምሮ 5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህም ካልተቀነሱት ፎቶግራፎች ሁለቱን አያህልም። ስለዚህ ቲ.ሲ. በሚሰጠው የመከፋፈያ ዘዴ መስመሩን በመደብ ከፍሎ፤ ለትእዛዝ፤ ለዱቤ መዝገብና ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ መግቢያ 1 ሜጋቢት ምንጊዜም እንዲጠበቅላቸው ማድረግ፤ የቀረውን ለፎቶግራፍና ለግልባጭ መተው ይገባል። የመጀመሪያው መደብ ሳይጠቀምበት የቀረውን ስፋት ሁለተኛው እንዲዋሰው ማድረግም ይቻላል። በዚህ ዓይነት ሲመጠን፤ ድርሻው እየጠበበ በሄደ ጊዜ ፎቶግራፉ ይዘገያል እንጂ ሽያጩ አይቆምም።

ገደቡ ከተተከለ በኋላ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣትና ገደቡ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የቲ.ሲ. ትእዛዝ ሰርቨሩ በተነሣ ቍጥር እንዲደገም ሆኖ ካልተጻፈ፤ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ወይም ማሻሻያ በተደረገ ዕለት ገደቡ ይጠፋል፤ ነጋዴው ግን ያለ ይመስለዋል።

በወሩ መካከል ሒሳቡን ማስተካከል

መስመሩን ሁልጊዜ በ2.9 ሜጋቢት አጥብቆ መያዝ የማይወድ ነጋዴ፤ በወሩ መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ ጀምሮ እንደ አጠቃቀሙ ሊያጠብ ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፤ የቀረው ድርሻ ለቀሩት ቀኖች ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ ለ10.8 ይካፈላል።

ለምሳሌ 31 ቀን ባለው ወር በ20ኛው ቀን ማታ ከ1,000 ጊጋባይት 850 አልቆ ተገኘ እንበል። የቀረው 150 ጊጋባይት ሲሆን የቀሩት ቀኖች 11 ናቸው። 150 ለ11 ሲካፈል በቀን 13.6 ጊጋባይት ይደርሳል፤ 13.6 ለ10.8 ሲካፈል በሰከንድ 1.26 ሜጋቢት ይሆናል። ስለዚህ ገደቡን በ1.2 ሜጋቢት ቢያደርገው በ11 ቀን 143 ጊጋባይት ያህል ወጥቶ ወሩ ያለ ዕዳ ያልቃል። ለትእዛዝ የተጠበቀው 1 ሜጋቢት ሳይነካ የሚጠበው የፎቶግራፉ መንገድ ብቻ ነው።

አከራዮች ድርሻው ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያ የሚልኩበት ዘዴ አላቸው፤ ግማሹ፤ ሦስት አራተኛውና ዘጠኝ አሥረኛው ሲደርስ እንዲልኩ ማዘዝ መልካም ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ገደብ አይደለም። ደብዳቤው ፍሰቱ ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ሰፊ መስመር ደግሞ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት እንደሚያወጣ ከላይ ታይቷል። ሌሊት የደረሰ ማስጠንቀቂያም ጧት እስኪነበብ ድረስ ፍሰቱን አያቆመውም።

መስመር ተቋርጦ ሲመለስ

ለዚህ አካባቢ ነጋዴ በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። መስመር በተቋረጠ ጊዜ የሠራተኞች ስልክና የመጋዘን ኮምፒዩተር ሥራቸውን አይተዉም፤ የሚልኩትንና የሚቀበሉትን እያጠራቀሙ ይጠብቃሉ። መስመሩ በተመለሰበት ሰዓት ሁሉም በአንድነት ያልደረሳቸውን ፎቶግራፍ፤ ዝርዝርና ግልባጭ ከሰርቨሩ ይጠይቃሉ። የብዙ ቀን ጥያቄ በአንድ ቀን ስለሚደርስ፤ ያልተገደበ ሰርቨር በዚያን ዕለት የወሩን ድርሻ ሊጨርስ ይችላል።

የተመጠነ መስመር ይህን ጎርፍ በልኩ ያሳልፈዋል፤ የመጀመሪያው መደብ ትእዛዙንና ዱቤውን ያስቀድማል፤ ፎቶግራፉ በማግሥቱ ቢደርስ የሚጎዳው ሰው የለም። ደግሞም በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ግልባጭ በሌሊት ብቻ እንዲደረግ፤ ለሁሉም የተለያየ ሰዓት ቢወሰን ግፊያው ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፤ ሰርቨር የተከራየ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢፈጽም ከድርሻ በላይ ከሚመጣ ዕዳ ይጠበቃል።

1ኛ፤ ውሉን አንብቦ ድርሻውን፤ የትርፉን ዋጋ፤ ገቢው ይቈጠር እንደ ሆነና ወሩ የሚታደስበትን ቀን በመዝገብ መጻፍ።

2ኛ፤ በየሳምንቱ የወጣውን ጊጋባይት ከሌሎች ወጪዎች ጋራ በአንድ ዓምድ መመዝገብ።

3ኛ፤ ፎቶግራፎችን ማሳነስና የተለወጠውን ብቻ መገልበጥ።

4ኛ፤ ድርሻውን ለ334.8 አካፍሎ በተገኘው ሜጋቢት ወይም ከዚያ ባነሰ መላውን መስመር መገደብ፤ ይህ ቍጥር 1 ሜጋቢት በ31 ቀን የሚያወጣው ጊጋባይት ነው።

5ኛ፤ ለትእዛዝና ለዱቤ መዝገብ የማይነካ መንገድ መጠበቅ።

6ኛ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሣ ቍጥር ገደቡ መኖሩን መመርመር።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ከአንድ ቀን የበለጠ አያስፈልገውም፤ ነጋዴው ግን የሚገደበው ምን እንደ ሆነ፤ የማይነካውም የትኛው እንደ ሆነ ራሱ መወሰን አለበት። ባለሙያው የሜጋቢቱን ስፋት ያውቃል፤ ከየትኛው ዳታ እንጀራ እንደሚበላ የሚያውቀው ግን የንግዱ ባለቤት ነው። በኮምቦልቻ የተጫነ መኪና የሐረጎን ዳገት ከመጀመሩ በፊት ሾፌሩ ጭነቱን እንደሚያውቅ ሁሉ፤ ነጋዴውም የአውሮፓው ወር ከመጀመሩ በፊት የሰርቨሩን ሸክም አውቆና መጥኖ ቢነሣ፤ በወሩ መጨረሻ የሚደርሰው ሒሳብ በመዝገቡ አስቀድሞ የጻፈው ቍጥር ይሆናል።